ነገርን ከሥሩ

«እኛን የገደለን ነገር ነው!» አለ አሠልጣኙ፤ ብሎም ዝም አለ፤ እንዲሰርጽብን።

ቦታው የአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ነው። ስሙን አላነሣም፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይመስሉታልና ማንም በራሱ ላይ ቢያየው አይከፋኝም። ለሠራተኞቹ «የሥራ ባህል ለውጥ» የሚል የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቷል። የድሮ ተማሪዬ እዚያ ኃላፊ ቢጤ ነው። «መምህር፣ እርስዎም ስለ ንባብ ሃያ ደቂቃ ይናገሩልን» ብሎ ጠራኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ መጻሕፍት ወዳድ ስለ ንባብ ተናገር ሲባል እንዴት እምቢ ይላል? ሄድኩ።

ከእኔ በፊት የተናገረው ይኸው አሠልጣኝ ነበር። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሱፉ የተስተካከለ፣ አንደበቱ የተባ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አሳየን፤ በግራ «ቲንግ»፣ በቀኝ «ነገር»። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ፈረንጅ ቲንግ ሲል ዕቃ ማለቱ ነው። የሚዳሰስ፣ የሚሠራ፣ የሚሸጥ። እኛ ነገር ስንል ግን ጠብ ማለታችን ነው። ነገረኛ፣ ነገር ቆስቋሽ፣ ነገር ፈታይ! እነሱ ቲንግ ሲሠሩ እኛ ነገር ስንፈትል ይኸው እዚህ ደረስን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን እንዳጨበጨብኩ እስካሁን አልገባኝም። ሰው ሲያጨበጭብ እጅ በራሱ ይሄዳል መሰለኝ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ግምጃ ቤት የምትሠራ፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። «ይቅርታ፣ የእኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሰባት ወር ሆነው። ማንን ነው የምንጠይቀው?» አለች። አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ አየሽ? አሁን ያልኩት ይኼንኑ ነው። ነገር አናንሣ!» አዳራሹ ሳቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ኃላፊዎቹም ሳቁ፤ የእነሱ ሳቅ ግን እፎይታ ያለበት ሳቅ ነበር። አሠልጣኙ ወደ ቴክኒሻኑ ዞር ብሎ ምስል የሚያሳየውን ማሽን በጣቱ እየጠቆመ፣ «እስኪ ያንን ነገር ወደዚህ አዙርልኝ» አለው።

ያንን ነገር! ከአምስት ደቂቃ በፊት «ነገር ማለት ጠብ ነው» ያለን ሰው ዕቃውን ነገር አለው። ማንም አላስተዋለም። እሱም አላስተዋለም።

በታክሲ ወደ ቤቴ ስመለስ ጉዳዩ ይበላኝ ጀመር። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ሁለት ቃላት ፊቴ ሲሰቀሉ አጨብጭቤ ወጣሁ። ስለዚህ ያን ዕለት መናገር የነበረብኝን ዛሬ እዚህ እናገራለሁ። ልጁ ሦስት ጊዜ ተሳስቷል። ስለ ፈረንጅ ቃል ተሳስቷል፤ ስለ እኛ ቃል ተሳስቷል፤ ሦስተኛው ስሕተቱ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻ አመጣዋለሁ። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ እንጀምር። (የማነሣቸው ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝኛ ብቻውን የቆመ ቋንቋ አይደለም። ጀርመንኛ፣ ደች፣ ዳኒሽ፣ ስዊድንኛ፣ ኖርዌይኛ፣ አይስላንድኛ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አማርኛ፣ ትግርኛና ጉራግኛ የአንድ ቤት ልጆች እንደሆኑት ማለት ነው። ይህን ቤት ሊቃውንቱ ጀርመናዊ የቋንቋ ቤተሰብ ይሉታል። «ቲንግ» የሚለው ቃል በቤቱ ሁሉ አለ። በጀርመንኛና በደች «ዲንግ» ነው፤ በስካንዲኔቪያ «ቲንግ» ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ዘንድ ልጁ እንዳለው ዕቃ፣ ግዑዝ፣ ምናምን ማለት ነው። ትናንት ግን ዕቃ አልነበረም። ቲንግ ማለት ጉባኤ ነበር፤ ሸንጎ ነበር። ሰዎች ሙግታቸውን ይዘው የሚመጡበት፣ ሕግ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚሰጥበት ስብሰባ ነበር።

እንዲያውም ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ነበር ይላሉ ሊቃውንቱ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ጎትኛ ወደሚባለው፣ ዛሬ ወደ ጠፋው የቤተሰቡ ቋንቋ ተረጎመ። በዚያ ትርጉም ውስጥ የቲንግ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቃል ይገኛል፤ ትርጉሙም «ጊዜ» ነው። ስለዚህ የቃሉ ጉዞ እንዲህ ነው የሚመስለው፦ መጀመሪያ የተወሰነ ጊዜ፤ ቀጥሎ በዚያ በተወሰነው ጊዜ የሚደረግ ስብሰባ፤ ቀጥሎ ስብሰባው ላይ የሚቀርብ ክስ፤ ቀጥሎ ማንኛውም ጉዳይ፤ በመጨረሻ ማንኛውም ዕቃ። በእኛ አፍ ብንለው፣ ከቀጠሮ ተነሥቶ ሸንጎ ገባ፣ ከሸንጎ ሙግት ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ ገበያ ወርዶ ዕቃ ሆነ።

ስለ ስብሰባው ጥንታዊ ምስክር አለን። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ98 ዓ.ም. ገደማ ስለ ጀርመን ነገዶች በጻፈው መጽሐፍ ስብሰባቸውን ይገልጻል። ሰዎቹ የሚመጡት ጦራቸውን እንደያዙ ነው። የተባለው ነገር ካልጣማቸው ያጉረመርማሉ፤ ከጣማቸው ጦራቸውን ያጋጫሉ። አንድ ነገር ግን ሮማዊውን አናዶታል፤ በሰዓቱ አይመጡም! የተጠሩበት ቀን ያልፋል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ አንዳንዴም ሦስተኛው፤ ሲሞሉ ይጀምራሉ። እንግዲህ «የሐበሻ ቀጠሮ» ስትሉ የምትዘባበቱ ሁሉ የዛሬው ሰዓት አክባሪ ጀርመን ቅድመ አያቶች እነማን እንደነበሩ እወቁልኝ። የባህል አሠልጣኞች አንድን ሕዝብ በተፈጥሮው እንዲህ ነው ሲሉ እኔ ታሲተስ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ምስክር ድንጋይ ነው። ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ በሠሩት የሐድሪያን ግንብ አጠገብ፣ ሃውስስቴድስ በተባለው ምሽግ በ1883 መሠዊያዎች ተገኙ። ያቆሟቸው ለሮማ ያገለግሉ የነበሩ ጀርመናውያን ወታደሮች ናቸው፤ ዘመኑም ሦስተኛው ምዕተ ዓመት ነው። የተሠዉት ለማርስ ነው፤ ለጦርነት አምላክ። ግን ማርስ ብቻ አላሉትም። «ማርስ ቲንግሱስ» አሉት፤ የሸንጎው ማርስ እንደማለት። ብዙ ሊቃውንት የጀርመኖች ማክሰኞ፣ «ዲንስታግ»፣ ከዚሁ ስም ጋር ይያያዛል ይላሉ። እስኪ ይህን ልብ በሉት፤ የጦሩም የሸንጎውም ባለቤት አንድ አምላክ ነው። እነዚያ ወታደሮች ጠብ ሁለት ደጅ እንዳለው ያውቁ ነበር። በአንዱ ደጅ ጦር ይወጣል፣ በሌላው ደጅ ነገር ይወጣል። ሁለተኛውን ስትዘጋ የመጀመሪያው መከፈቱ አይቀርም።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የታየው አይስላንድ ነው። በ930 የደሴቲቱ ሰፋሪዎች «አልቲንግ» የሚባለውን የመላ አገሩን ሸንጎ አቋቋሙ። ቦታው ሜዳ ነው፤ ቲንግቬትሊር ይባላል፣ የሸንጎ ሜዳ ማለት ነው። ንጉሥ የለም። ጦር ሠራዊት የለም። ፖሊስ የለም። ያለው በየዓመቱ በጋ ላይ የሚደረግ ስብሰባና የሕግ ድንጋይ የሚባል ቋጥኝ ነው። ሕጉ ገና አልተጻፈምና ሕግ ነጋሪ የሚባል ሹም ነበራቸው፤ የሕጉን አንድ ሦስተኛ በየዓመቱ በቃሉ እያሰማ በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። ባለጉዳይ ሁሉ ቀኑን ያውቃል። ቦታውን ያውቃል። ማን ፊት እንደሚቆም ያውቃል።

በ1000 ዓ.ም. ግድም (999 የሚሉም አሉ) ይኸው ሸንጎ ከባድ ነገር ገጠመው። ግማሹ ክርስቲያን ሆኗል፣ ግማሹ የጥንት አማልክቱን ይዟል። ሁለቱም ወገን በሌላው ሕግ አንገዛም ብሎ አገሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደረሰ። ፍርዱን ለቶርጌይር ሰጡት፤ ሕግ ነጋሪው ነው፣ ራሱም ገና አረመኔ ነው። ሰውየው ካባውን ተከናንቦ ቀንና ሌሊት ተኛ። ተነሥቶም አገሩ አንድ ሕግ ከሌለው ሰላም እንደማይኖረው ተናገረ፤ ሁሉም ክርስቲያን ይሁን ብሎም ፈረደ፤ በራሱ እምነት ላይ ማለት ነው። ለአሮጌው ወገን ደግሞ የፈረስ ሥጋ እንደመብላት ያሉ አንዳንድ ልማዶችን ለጊዜው ተወለት። አገሩ ሳይተላለቅ ሃይማኖቱን ለወጠ። ብዙ አገር በደም የከፈለውን እነሱ በነገር ከፈሉት።

ቅዱሳን ነበሩ ለማለት አይደለም። ባሪያ በዚያ ሸንጎ ድምፅ አልነበረውም፤ ሴትም ብትሆን ቆማ አትሟገትም ነበር። ፍርድ ያገኘ ሰው ፍርዱን የሚያስፈጽመው በራሱ ጉልበት ነውና ድሃው ባለጉልበት ሰው መጠጋት ነበረበት። በ13ኛው ምዕተ ዓመትም ጥቂት ቤተሰቦች አለቅነቱን ሁሉ ጠቅልለው ያዙ። ሸንጎው ቀረ አልተባለም፤ ስብሰባው ይደረጋል፣ ሕጉም ይነበባል፣ ግን ነገር የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ሆነ። ከዚያ ለአርባ ዓመት ያህል ተዋጉ፤ በ1262 ለኖርዌይ ንጉሥ መገበር ጀመሩ። አልቲንግ ስሙን ይዞ ቆየ፣ በ1800 ተዘጋ፣ በ1845 እንደገና ተቋቋመ። አይስላንድ በ1944 ሪፐብሊክነቷን ያወጀችውም እዚያው የሸንጎ ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ አሠልጣኛችን «ፈረንጅ ቲንግ ሲል ዕቃ ነው» ሲል የኖርዌይ ፓርላማ «ስቶርቲንግ» እንደሚባል አያውቅም ይሆናል፤ ትልቁ ቲንግ ማለት ነው። ትልቁ ዕቃ አይደለም! የዴንማርኩ «ፎልከቲንግ» ነው፤ የሕዝቡ ቲንግ። በስዊድን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት «ቲንግስሬት» ይባላል። የማን ደሴት ፓርላማ «ቲንዋልድ» ነው፤ ከአይስላንዱ የሸንጎ ሜዳ ጋር አንድ ስም። እዚያ ዛሬም በየዓመቱ በሐምሌ ወር አንድ ጉብታ ላይ ወጥተው አዳዲሶቹን ሕጎች ለሕዝብ ያሰማሉ። በደች «ኸዲንግ» ሙግት ነው። ጀርመን «ተከላከለ» ለማለት «ፈርታይዲገን» ይላል፤ ቃሉ ውስጥ የተቀጠረ የሸንጎ ቀን ተደብቋል። እንግሊዞችም ቢሆኑ የምርጫ ቅስቀሳን «ሀስቲንግስ» ይሉታል፤ ሥሩ «የቤት ቲንግ» ነው፤ ጌታው ከቤተ ሰዎቹ ጋር የሚያደርገው ጉባኤ። የራሳቸው «ቲንግ» እንኳ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት የኬንት ነገሥታት ሕግ ውስጥ ስብሰባ ማለት ነበር።

«አጋጣሚ ነው» የሚል ካለ ሌላ ልጨምር። ጀርመኖች ለ«ጉዳይ» ሌላም ቃል አላቸው፤ «ዛኸ» ይሉታል። እሱም መጀመሪያ ሙግት ነበር። የእንግሊዝኛው «ሴክ»፣ በየፊልሙ «ለእግዚአብሔር ብለህ» ሲሉ የምንሰማው፣ የዚሁ ወንድም ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ክስና ጠብ ማለት ነበር። ወደ ሮማ ብትሻገሩም ያው ነው። ላቲን «ካውዛ» የሚለው ሙግትን ነው፤ ከእሱ የወጡት የፈረንሳዩ «ሾዝ»ና የጣልያኑ «ኮሳ» ዛሬ ዕቃ ናቸው። ጣልያንኛ የሚሞካክር የአዲስ አበባ ሽማግሌ ሁሉ «ኮሳ» ያውቃል፤ የችሎት ቃል መሆኑን ግን ማን ነገረው?

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። «ነገር» በግዕዝ ንግግር ነው፤ ነገረ፣ ተናገረ። ከዚያ ጉዳይ ነው። ከዚያ ሙግት ነው፤ ለዚህ ነው ጠበቃውን ነገረ ፈጅ፣ ተሟጋቹን ባለነገር የምንለው። ከዚያም ዕቃ ነው፤ «ያንን ነገር አዙርልኝ»። እንግሊዙ «ናቲንግ» ሲል እኛ «ምንም ነገር» እንላለን፤ «ኤቭሪቲንግ» ሲል «ሁሉ ነገር»። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሁለት ቃላት ጠላቶች አልነበሩም። ሁለት አገር የኖሩ፣ አንድ ዓይነት ሕይወት ያሳለፉ ሽማግሌዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «አላልኳችሁም! ቃሉን ከእኛ ወስደውት ነው!» ሊል ይችላል። ወንድሜ፣ ተቀመጥ። ማንም ከማንም አልወሰደም። የሰው ልጅ ትልቁን ትኩረቱን የሚሰጠው ለተጣላበት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የሙግቱ ቃል የሁሉ ነገር መጠሪያ ሆኖ ይቀራል፤ በአይስላንድም፣ በሮማም፣ በጎንደርም። ይህ የሰውነት ምስክር እንጂ የባለቤትነት ካርታ አይደለም።

የቃልን ሥር እንደ ርስት ደብተር የያዙ ሰዎችን ታሪክ አይቷቸዋል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ የጥንቱን «ቲንግ» እንመልሳለን አሉ። በመቶ የሚቆጠሩ የአደባባይ ቲያትሮች ታቀዱ፤ የተሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ሃይደልበርግ አጠገብ ተራራ ላይ የታነፀውን በ1935 ጎብልስ ራሱ መርቆ ከፈተው። ድንጋዩ ዛሬም አለ። ሺዎች ይሰበሰባሉ፣ ችቦ ይበራል፣ መዘምራን ይጮኻሉ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተነሥቶ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ሰው! ስሙ ቲንግ፣ ሥራው ጭብጨባ። ሕዝቡም ቶሎ ሰለቸው፤ በዚያው ዓመት ጎብልስ ቲንግ የሚለው ቃል ከፓርቲው ጋር እንዳይነሣ ከለከለ። ለሚያዳምጥ ሕዝብ ሬዲዮ ይበቃል።

እኛስ? «ሸንጎ» የሚለውን የአባቶች ቃል በ1979 ዓ.ም. ማብቂያ በእኛ አቆጣጠር ደርግ ለአንድ ፓርቲ ምክር ቤት ሰጠው፤ «ብሔራዊ ሸንጎ»። ያኔ ልጅ ነበርኩ። በቴሌቪዥን እጅ ሲወጣ አይ ነበር፤ እጅ ሲወጣ ግን ለመደገፍ ነው። ስለዚህ በናዚዎች ብቻ አንሳቅ።

ከእነሱ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ጀርመናዊ ነበር። ተረት ሰብሳቢው ያዕቆብ ግሪም። የተማረው ሕግ ነው፤ ፍቅሩ ቃል ነው። በ1828 ስለ ጀርመኖች ጥንታዊ ሕግ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የሸንጎዎቹን ወግ ከዛፍ ሥር እስከ ዳኛው በትር ድረስ ለቅሟል። በ1837 የሐኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ያዕቆብ፣ ወንድሙ ቪልሄልምና ሌሎች አምስት የጎቲንገን ፕሮፌሰሮች «በመሐላችን እንጸናለን» ብለው ተቃወሙ። ሰባቱም ተባረሩ፤ ያዕቆብም በሦስት ቀን ከአገር ውጣ ተባለ። የቃሉን ሥር ያጠና ሰው እንዲህ ነው። ሥሩን አጥንቶ አልፎከረበትም፤ ነገር አነሣበት!

አሁን ወደ ሦስተኛው ስሕተት ደረስን።

«ነገር ጎዳን» የሚለው ወቀሳ ባዶ ነው አልልም። በነገር የፈረሰ ጎጆ አይቻለሁ። በአንድ ክንድ ድንበር ሃያ ዓመት የተካሰሱ ወንድማማቾች አውቃለሁ። በየቢሮው ወረቀት እያመላለሰ ሰው የሚበላ ነገረኛም ሞልቷል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ይህ ሁሉ ቦታ ያጣ ነገር ነው። ፊት ለፊት ሊነገር የሚገባው በጓዳ ሲነገር ሐሜት ይሆናል። በጊዜው ሊቆረጥ የሚገባው ሲንከባለል ቂም ይሆናል። አድማጭ ያጣ ሲጠራቀም ዱላ ይሆናል። ወንዙ ጎረፈ ብለን የምንከሰው ውሃውን ነው፤ ቦዩን የደፈነውን ሰው አንጠይቅም።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ «በላ ልበልሃ» እያለ ዛፍ ሥር ሲሟገት አገር ቆሞ ያዳምጠው ነበር። መሣሪያ የመዘዘ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። ሦስት ቃል ሳይሆን ሁለት ቃል! ጨፌውም፣ ሌላው የዛፍ ሥር ጉባኤም እንዲሁ። እነሱም እንደ አይስላንዶቹ ብዙ ሰው ደጅ አስቀርተዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ማንሣትን ግን ነውር አላሉትም። ነውሩ ነገር ሳይነገር መምታት ነበር።

እኛ ገልብጠነዋል። ዛሬ ጨዋ ማለት የማይጠይቅ ነው። መልካም ሠራተኛ ማለት ነገር የማያነሣ ነው። መልካም ሚስት፣ መልካም ልጅ፣ መልካም ተከራይ፣ መልካም ዜጋ፤ ሁሉም ዝም የሚሉ ናቸው። «ነገር አታብዛ» የሚለውን ማን ለማን እንደሚለው እስኪ አስተውሉ። ተበዳሪ ለአበዳሪ ይለዋል። አለቃ ለምንዝር ይለዋል። አከራይ ለተከራይ ይለዋል። አበዳሪ «ገንዘቤን ስጠኝ» ሲል ነገር አበዛ ይባላል፤ የወሰደው ሰው ግን ሰላም ወዳድ ነው! እኔ በዕድሜዬ «ነገር አናንሣ» ብሎ የከሰረ ሰው አላየሁም። የሚከስረው ሌላኛው ነው።

ስለዚህ ወዳጄ አሠልጣኝ፣ የሥራ ባህል ልትለውጥልን ከመጣህ በጎ አደረግህ። ግን ፈረንጁን ያራመደው ነገር መጥላቱ ነው ብለህ አትንገረን። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃው የሚሠራው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አደጋው ብዙ ነገር ከተነሣ በኋላ ነው። በኖርዌይም በዴንማርክም ዕቃ የሚሠራው አገሩን «ቲንግ» በሚባል ቤት ውስጥ እየተጨቃጨቀ ነው። ዕቃውን አሳይተኸን ሸንጎውን ደበቅኸው። ማወቅ ያለመቻልህን ይቅር እላለሁ፤ ማንም ሁሉን አያውቅም። ይቅር የማልለው የሴትዮዋን ጥያቄ በቃላት ጨዋታ ማስቀመጥህን ነው።

ለነገሩ ለአንተ ብቻ አይደለም የምናገረው። ሃያ ደቂቃዬ ደርሶ ወደ መድረኩ ስወጣ ሴትዮዋ እዚያው ነበረች። መድረኩም፣ ድምፅ ማጉያውም በእጄ ነበር። «ከንባብ በፊት የእኚህ እኅት ጥያቄ መልስ ያግኝ» ማለት እችል ነበር። ምን ይመጣብኝ ነበር? ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አይደለሁ፤ አበል አይቀነስብኝ። ስለ መጻሕፍት ጥቅም ተናግሬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። የድሮ ተማሪዬ በር ድረስ ሸኘኝ። «መምህር፣ አሳፈረችን አይደል?» አለኝ ስለ ሴትዮዋ። «አይ፣ ምንም አይደል» አልኩት። ምንም ነገር የለም፤ ናቲንግ!

እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይኼ ነው። ሕግ ነጋሪው የሕጉን ሲሶ በየዓመቱ በቃሉ ሲል የነበረው ሕጉ የሚኖረው ሲነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ዝም ያለ ዕለት ሕጉም የለም።

ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ነገር ላንሣ። ቲንግ ከሸንጎ በፊት፣ ከሙግት በፊት፣ ከዕቃም በፊት የተወሰነ ጊዜ ነበር ብያለሁ። ሁሉ የሚጀምረው ከቀጠሮ ነው። ለዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የድሮ ተማሪዬን ጨምሮ፣ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ስትጠይቅ ሰባት ወር ብላለች፤ አሁን ስምንት ሳይሆን አልቀረም። ክፈሉ ወይም አትክፈሉ የሚለውን ሕጉ ይወስነዋል። እናንተ ግን ቀን ቁረጡላት፤ ቦታ ንገሯት፤ ማን ፊት እንደምትቆም አሳውቋት። ያን ዕለት እኔም መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ለማጨብጨብ አይደለም።